ሃምሳ ቃል

ጌንት ነው፤ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣
የቦዩ ዳር ደወል ከጭጋጉ ወጥቶ አይጠራም።
ከደረጃው ሥር ናት ጠባቧ ጠረጴዛዬ፣
መቀስ አልይዝም እንጂ ልብስ ሰፊ ነኝ በሙያዬ፦
የሳንባ ሕክምናን መጽሔት የሚመሩ
አሥራ አንድ ሊቃውንት፣ የት እንደተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ፣
በሃምሳ ቃል ልክ፣ ከሽፋኑ ጀርባ፣
ቆርጬ አስተካክዬ የሁሉም ዕድሜ እንዲገባ።

ሃምሳ ነው ሕጉ። ሃምሳ አንድ አይገባም።
ለአርባ ዓመት አዳር ግን ሃምሳ ቃል አይረባም።
(ጅማ ላይ የጀመርኩት ፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቀረ፣
ያ ሙያ ተብሎ አይጻፍም፤ የኔን ደግሞ ማን ቆጠረ?)

ጎደሊቭ ይሏታል አንዷን፤ ስሟን ስሰማ እስቃለሁ፣
ምን ጎደላት እያልኩ ወረቀቷን አያለሁ፦
የሳንባ ሐኪም፣ የመምህራን መምህር፣ መቶ አሥር ጥናት...
በእርሳስ የሰረዘችው ግን አንድ መስመር ይታያል፣
«በሰባት ዓመቴ በሳንባ ነቀርሳ ተኝቻለሁ» ይላል፤
ኦስተንድ፣ ከባሕሩ ዳር፣ አልጋዋ በረንዳ ላይ፣
አሥራ አራት ወር ሙሉ ስትስል፣ መርከብ ስታይ።
ለምን ሰረዝሽው? አልኳት። «ሙያ አይደለማ» አለችኝ፤
ሳሏ መጣና አቋረጠን። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

ከክሉዥ የመጣው ኦክታቪያን፣ የአስከሬን መርማሪው፣
አጽም ባልነበረው ክፍል የአካል ትምህርት አስተማሪው፣
በጥቁር ሹራቡ ላይ በጠመኔ የጎን አጥንቱን ስሎ
ያስቆጥራቸው ነበር አሉ፣ «እስኪ ቁጠሩኝ» ብሎ።
ይህ በሃምሳው ውስጥ የለም። ሽልማቱ ግን አለ።
ጠመኔው ተራገፈ፤ ሜዳሊያው ቀረ፣ ተንጠለጠለ።

የመጨረሻው ከሰሜን ነው፤ ቶርቢዮርን፣ የስሌት ሰው፣
ታማሚ ነክቶ አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚዳስሰው።
ሃምሳ ቃል ላከልኝ፣ አንዲት የማትተርፍ፣
ስለ ሕፃናት መድኃኒት ልክ ስላሳተመው ጽሑፍ፤
ከግርጌው ግን በእጁ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ስህተቱን የሚያምን ሦስት ቃል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ፦
«የሕይወት ታሪክ ነው እንጂ ኑዛዜ ማን ጠየቀ?
ስህተቱን ራሱ አገኘው፤ ጽሑፉን ራሱ አነሳው፣
ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬ ማን ሊያወሳው?»
ቶርቢዮርን ዝም ብሎ ቆየ፣ ሻዩን እያማሰለ፤
«ሙያህን ጻፍ አላችሁኝ፤ ሙያዬ ይኼ ነው» አለ።

«ሦስት ቃል ይተርፋል» አልኩኝ፣ እኔው የሕጉ ዘበኛ፣
«አንድ ብቻ ነበረች እኮ ብትጻፍ በአማርኛ።»
«እስኪ በያት» አለች ጎደሊቭ። «ተሳስቻለሁ» አልኳት፤
አሥራ አንድ ሊቅ በየተራ ተደናቀፉባት፤
አንዱ መካከሏ ላይ ቀረ፣ አንዱም ጫፏን ነጠቀ፣
ቶርቢዮርን ብቻ ሳይሰብራት እስከ መጨረሻዋ ዘለቀ።

«የተማረ ይግደለኝ» የሚል ተረት አለ በሀገሬ፣
ሲባል እየሰማሁ አደግሁ፤ ገና ገባኝ ዛሬ።
ያ ቁጥር የማንን ልጅ እንደነካ ማንም አያውቅ፤ እሱም አያውቅ፤
ለዚህ መሰለኝ ለሦስት ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ የሚጨነቅ።

ታዲያ ቦታው ከየት ይምጣ? «የክብር ሽልማቴን ቁረጪው» አለ፤
ቆረጥኩት። ልኩ ሆነ። ሃምሳው ሞላ፤ አልጎደለ።
ዓርብ ማታ ከኦክታቪያን ደረሰኝ አንድ ፖስታ፣
ውስጡ ስባሪ ጠመኔ፤ «ስጪው» ይላል «የሜዳሊያውን ቦታ»።

የጎደሊቭ አልመጣም። ሽፋኑ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሄደ፤
በእርሳስ የተሰረዘው መስመር እኔ ጋ ነው፤ ማንም አልቀደደ።
አርባ ስምንት ቃል ነው የሷ። ሁለት ቦታ ባዶ ይቀራል፤
ከደረጃው ጫፍ አንድ ሳል፣
ቆይቶም አንድ ይጨመራል።